የዙማ ሹጫ ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ የወ/ሪት ሔርሜላ ዘካሪያስ የሕይወት ታሪክ

ከሰኔ 14 ቀን 1988 ዓ.ም. እስከ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወ/ሪት ሔርሜላ ዘካሪያስ ከአባታቸው ከአቶ ዘካሪያስ ካሱ እና ከእናታቸው ከመምህርት ሰናይት ገብረ ማርያም ሰኔ 14 ቀን 1988 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ሴቻ ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ፣ ለታላቅ ወንድማቸው ለአሮን የመጀመሪያ ጓደኛ፣ ለታናሽ እህታቸው ለሩሐማ ደግሞ እንደ ሁለተኛ እናት ነበሩ።

ይህን ታሪክ የጻፈው አሮን ነው። አሮን እህቱን «አንቺ» እያለ አብሯት ያደገ ሰው ነው። ሆኖም «እዚህ ላይ አንቱ በልልኝ፤ ሥራ ቦታዋ አንቱ ነበር የሚሏት» ያሉት እናቱ ናቸውና እንደ ቃላቸው ተደርጓል።

አባታቸው አቶ ዘካሪያስ የካምባ ሰው ናቸው። በውኃ ቦቴ መኪና ሾፌርነት ለከተማው ሕዝብ ውኃ ሲያድሉ ነው ዕድሜያቸውን ያሳለፉት። ትምህርት ሲዘጋ ሔርሜላ ጋቢና ውስጥ አባታቸው አጠገብ ተቀምጠው ሰፈር ለሰፈር ይዞሩ ነበር። መኪናው በቆመ ቁጥር ቀድመው ዘለው ይወርዱና «ውኃ መጣ! ጀሪካናችሁን አውጡ!» እያሉ ይጣራሉ። «የመኪናውን ጥሩንባ መንፋት አያስፈልገኝም ነበር» ይላሉ አቶ ዘካሪያስ።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እናታቸው በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ጀመሩ። አምስተኛ ክፍል እያሉ ጉሮሯቸውን አመማቸው፤ ወዲያው ጉልበታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው አበጠ። ሲሻላቸው ሁሉም ያለፈ መሰለ። ከዓመት በኋላ ግን ጥቂት ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ሆስፒታል ተወሰዱ፤ የልባቸው ቫልቭ መጎዳቱም ተነገረ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየወሩ መርፌ ይወጉ ነበር። መምህርት ሰናይት ጠዋት ጠዋት፣ ዩኒፎርም ከማልበሳቸው በፊት፣ ጆሯቸውን የልጃቸው ደረት ላይ ለጥፈው ያዳምጡ ነበር። ሔርሜላ እየሣቁ «እማዬ፣ ምን አለሽ?» ይላሉ። «ምንም አላለኝም፤ ደህና ነው» ይላሉ እናት። ምን እንደሚሰሙ ግን እርሳቸውም አያውቁም ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሴቻ አጠናቀው በ2008 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ2010 ዓ.ም. በመንግሥት አስተዳደር በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ። ከዚያ ያለው ጊዜ ከባድ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመው ሥራ ፈለጉ፤ እስከዚያው በከተማው ታችኛ ክፍል በሲቀላ በሚገኝ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ይሠሩ ነበር። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ግን ስማቸው ወጣ፤ ገረሴ አካባቢ ደጋው ላይ በምትገኘው በዙማ ሹጫ የገጠር ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተመደቡ።

ቤት ውስጥ ደስታም ጭንቀትም ሆነ። አባታቸው «ልጄ፣ አንቺ እኮ ከሲቀላ ሴቻ በሚኒባስ እንጂ በእግርሽ የማትወጪ ሰው ነሽ። ተራራ ላይ ምን ልትሠሪ ነው?» አሏቸው።

«አባዬ፣ ቤት ተቀምጬስ ልቤ መች ዳነልኝ?» ሲሉ መለሱ። አባታቸው ሻንጣቸውን መናኸሪያ ድረስ ተሸክመው ሸኟቸው።

ዙማ ሹጫ የገብስ፣ የድንችና የእንሰት አገር ናት። ከመኪና መንገዱ እስከ ላይኛው ሰፈር ያለው ዳገት ለጤነኛ ሰው እንኳ ወገብ ይቆርጣል። ሔርሜላ ጥቂት ሄዱና ትንፋሽ አጠራቸው። ሕመማቸው ቢታወቅ ወደ ከተማ እንደሚመለሱ ስለ ፈሩ፣ ያገኙት ደጃፍ ላይ ቆመው ሰላምታ ይሰጡ ጀመር። «እንዴት ዋላችሁ? ቤተሰብ ደህና ነው? ምን አዲስ ነገር አለ?» እያሉ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ይጠይቃሉ። ሰውም ደስ እያለው ያጫውታቸዋል፤ የማን ላም እንደ ጠፋች፣ የማን ልጅ ፈተና እንዳለፈ፣ ጥሩ የድንች ዘር ማን ጋ እንዳለ ይነግራቸዋል። ቤታቸውን ያከራዩአቸው ወ/ሮ አገኘሽ «ይቺ ልጅ ጨዋታ ስትወድ!» እያሉ ለጎረቤት ያወሩ ነበር። ያ ሁሉ ጨዋታ የትንፋሽ ማረፊያ እንደ ነበረ ወ/ሮ አገኘሽ ያወቁት በቅርቡ ነው። ካወቁ ወዲህ እንባቸው አልቆመም።

በዚያች ቀበሌ ሥራ የሚበዛው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ጥቅምት ሲጠባ ጎርፍ የበላው መንገድ ይጠገናል፤ የደፈረሰው ምንጭ ይጸዳል፤ የጤና መድን ይታደሳል፤ ሕፃናት ይከተባሉ። ሔርሜላ እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጸሎት ቤቱ ደጅ ላይ ቆመው ይህን ሁሉ ያስነግሩ ነበር። መጀመሪያ የወረዳውን መልእክት ብቻ ሲያነቡ ሰው ዐይኑን ወደ መንገዱ ይወረውር ነበር። በኋላ ግን በየደጃፉ የሰሙትን የጎረቤት ወሬ ከመልእክቱ ጋር እያፈራረቁ መናገር ጀመሩ። አንድ የመንገድ ጥሪ፣ ከዚያ የጠፋችው ላም፤ አንድ የክትባት ቀን፣ ከዚያ የተመረቀው ልጅ። ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያው ሳያልቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ጠፋ።

እናታቸው የወላይታ ሰው ስለሆኑና ቤት ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ስለ ነበር፣ የአካባቢው ቋንቋ ጋሞኛቸው ደካማ ነበር። በመጀመሪያው ጥቅምት «ቅዳሜ ምንጩን እናጸዳለን» ለማለት ፈልገው «ቅዳሜ ምንጩን እንቀብራለን» ብለው ተናገሩ። ሕዝቡ በሣቅ ፈረሰ። የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ኦይታ ሣቃቸውን እየዋጡ «ለቀብሩም ለጽዳቱም ዶማ ያስፈልጋልና ሁላችሁም ይዛችሁ ኑ» ብለው ጉዳዩን አቀኑት። ሔርሜላም አብረው ሣቁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሊናገሩ ያሰቡትን ቅዳሜ ማታ ለወ/ሮ አገኘሽ ሳያሰሙ አይተኙም ነበር።

የ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ግን መጥፎ ነበር። በአካባቢው ኩፍኝ ገባና ክትባት ተጠራ። ጭጋግ ወርዶ ስለ ነበር ከላይኛው ሰፈር አንድ ቤት ጥሪውን ሳይሰማ ቀረ። የዚያ ቤት ትንሽ ልጅ ሞተች። ሔርሜላ ለቅሶ ቤቱ ሄደው ከእናትየዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እናትየዋ ናቸው እጃቸውን ይዘው «ተይ፣ አታልቅሺ፤ ጭጋጉን አንቺ አላመጣሽው» ያሏቸው። ከዚያ ወዲህ ክትባት በመጣ ቁጥር ላይኛው ሰፈር ራሳቸው በእግራቸው ካልደረሱ ልባቸው አያርፍም ነበር።

በቀበሌው ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት መምህር ጋሻዬ ከሆሳዕና የመጡ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. የትዳር ጥያቄ አቀረቡላቸው። ሔርሜላ ሕመማቸውን ሳይሸሽጉ ነገሯቸው። «ልጅ መውለድም አደጋ አለው ተብያለሁ። ጊዜ ወስደህ አስብበት» አሏቸው። መምህር ጋሻዬ ወዲያው ተነሥተው ሄዱ። ሔርሜላ ያን ቀን ለእህታቸው ለሩሐማ ደውለው «አለቀ፣ ሄደ» ብለው አልቅሰዋል። በሦስተኛው ቀን ግን መምህሩ ከገረሴ ገበያ የተከራዩትን በቅሎ እየሳቡ መጡ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሏቸው ሔርሜላ።

«ዳገቱን የምትወጪበት።»

«በበቅሎ ከሄድኩማ ሥራ አስኪያጇ ኮራች ነው የሚሉኝ!» ብለው ሣቁ። በቅሎዋን መለሱ፤ ሰውየውን ግን ተቀበሉ። ሽማግሌዎች ከሆሳዕና መጡ፤ ሠርጉም ለጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ተቆረጠ።

ባለፈው መስከረም ወር መጨረሻ ለዓመታት የጠበቁት ስልክ ከአዲስ አበባ ተደወለ። የቀዶ ሕክምና ወረፋቸው ደርሶ ለኅዳር 24 ቀን ተቀጠሩ። እስከዚያ እንዲያርፉ ተነገራቸው። ቤተሰቡ በአንድ ቀን ሁለቴ አለቀሰ፤ አንዴ ከደስታ፣ አንዴ ከፍርሃት። እናታቸው በስልክ «በቃ ነገ ውረጂ። ሠርግሽ እዚህ፣ ሕክምናሽ አዲስ አበባ ነው» አሏቸው።

«እማዬ፣ ክትባቱ ይለቅልኝና እወርዳለሁ። መንገዱም ተቆርጧል።»

«መንገዱን ሌላ ሰው አይጠግነውም?»

«ይጠግነዋል። ላይኛው ሰፈር ግን ማን ይነግርልኛል?» አሉ። እናታቸው ያቺ የሞተች ሕፃን ትዝ ብላቸው ከዚህ በላይ አልገፉም።

እሑድ ጥቅምት 23 ቀን እንደ ወትሯቸው ጸሎት ቤቱ ደጅ ላይ ቆሙ። ቅዳሜ ጥቅምት 29 ቀን መንገድ ሥራ መኖሩን፣ በቀጣዩ ሳምንት ክትባት እንደሚጀመር፣ የጤና መድን ያላደሰ እንዲያድስ ተናገሩ። መጨረሻ ላይ ትንሽ አፍረው «አንድ ሌላ ወሬም አለ፤ ጥር 16 መምህር ጋሻዬና እኔ እንጋባለን። ሁላችሁም ተጠርታችኋል» አሉ። እልልታው ከታች መንደር ድረስ ተሰማ። አቶ ኦይታ «ይህን ማስታወቂያ ድገሙልን!» ብለው አስደገሟቸው።

በዚያው ሳምንት እግራቸው አበጠ። ሰው እንዳያይባቸው ቦቲ ጫማ አድርገው ዋሉ። ሐሙስ ጥቅምት 27 ቀን ጠዋት ላይኛውን ሰፈር ዞረው ለማስነገር ወጡና ግማሽ መንገድ ላይ ወደቁ። አቶ ኦይታ ሲደርሱ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ አገኟቸው። ከትምህርት ቤት ሮጠው የደረሱት መምህር ጋሻዬ የሔርሜላን የልብ ሕመም እዚያው ተናገሩ።

አቶ ኦይታ ተንበርክከው «ልጄ፣ ምነው ሳትነግሪን?» አሏቸው።

«ብነግራችሁ ቁጭ በይ ትሉኝ ነበር፣ ጋሼ» አሉ ሔርሜላ።

በቃሬዛ አድርገው ተሸከሟቸው። አምቡላንስ ተጠርቷል፤ ነገር ግን መንገዱ በጎርፍ የተቆረጠበትን ቦታ ማለፍ አይችልም። ወሬው ከቃሬዛው ቀድሞ ወረደ። ወንዱም ሴቱም ዶማውን፣ አካፋውን፣ ባዶ እጁንም ይዞ ወጣ። ቃሬዛው እስኪደርስ ድንጋይ በቅብብል ተደርድሮ ጉድጓዱ ተሞላና መኪናው ተሻገረ። ጥሪው ለቅዳሜ ነበር፤ ሥራው ሐሙስ አለቀ። አምቡላንሱ ሲነሣ ጭቃ በጭቃ የሆነው ሕዝብ መንገዱ ዳር እንደ ቆመ ቀረ።

በአርባ ምንጭ ሆስፒታል ሐኪሞች የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ትንሽ ሲረጋጉ ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ታስቦ ነበር፤ ሳይረጋጉ ቀሩ። እናታቸው ከአጠገባቸው አልተለዩም። ሰኞ ኅዳር 8 ቀን መምህር ጋሻዬ ከዙማ ሹጫ ሲመጡ ሔርሜላ ዐይናቸውን ገልጠው «ላይኛው ሰፈር ተከተበ?» አሏቸው።

«ተከትቧል። አንድም ሕፃን አልቀረም።»

«ማን ነገራቸው?»

«ጋሼ ኦይታ ራሳቸው ቤት ለቤት ዞሩ።»

«የእሳቸው ጋሞኛ ከእኔ ይሻላል» ብለው ፈገግ አሉ። ቤተሰቡ ያያት የመጨረሻዋ ፈገግታ ያቺ ናት። በማግስቱ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በተወለዱ በ29 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ዛሬ የመምህር ጋሻዬ ቤተሰቦች ከሆሳዕና መጥተዋል። የሚመጡት ለጥር ነበር። የዙማ ሹጫ ነዋሪዎች ማለዳ ተነሥተው በሁለት አይሱዙ ተጭነው፣ ልጆቻቸውን አዝለው ደርሰዋል። አቶ ኦይታ ለአቶ ዘካሪያስ «ባናውቅ ነው፤ ብናውቅ ኖሮ በጀርባችን እናዝላት ነበር» ብለው ሲያለቅሱ፣ አቶ ዘካሪያስ አቅፈዋቸው «ይህን ሁሉ ሰው ያፈራችው እናንተ ጋ ነው። እኔ እዚህ ይዣት ቢሆን ማን ይቀብርልኝ ነበር?» አሏቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ።

ወ/ሪት ሔርሜላ ወላጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን አሮንን፣ እህታቸውን ሩሐማን፣ እጮኛቸውን መምህር ጋሻዬን፣ እንደ ልጃቸው አድርገው ያኖሯቸውን ወ/ሮ አገኘሽን እና አንድ ሙሉ ቀበሌ ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ለደከማችሁ ሐኪሞች፣ በጸሎት ለቆማችሁ ምእመናን፣ ከቅርብም ከሩቅም ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

መምህርት ሰናይት ከማክሰኞ ጀምሮ አላለቀሱም፤ ሰው ሲያናግራቸውም አይመልሱም። አጠገባቸው ለምትቀመጡ ሁሉ ቤተሰቡ የሚለምነው፣ ምንም ባትናገሩም እንዳትለዩአቸው ነው።

እግዚአብሔር የልጃችንን ነፍስ በፊቱ በሰላም ይቀበልልን። ማልቀስ ላቃታቸው እንባን፣ እንባው ለበዛባቸው መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።