ሙሌ፣ ያቺ የቡርጎኝ ወይን ተከፈተች

ሙሌዬ፣ የኔ ጌታ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ ያለህበት ቦታ ጤና የሚጠየቅበት አይመስለኝም። ከተለየኸን ዓመት ሞላ። ቅዳሜ ሙት ዓመትህን አወጣን። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ደክሞኛል ብዬ ከሥራ ቀርቻለሁ፣ ውሸትም አይደለም። ወገቤ፣ እግሬ፣ አንገቴ ተራ ይዘው ያሙኛል። ቢሆንም የቅዳሜውን ጉድ ሳልነግርህ ጋደም ማለት አልቻልኩም።

ቤቱ እንዳለ ነው። ከማውንት ቤከር ሰፈር አልለቀቅኩም። ባቡሩ ሲያልፍ እነዚያ ቀጭን እግር ያላቸው ብርጭቆዎችህ አሁንም ይንጫጫሉ፤ አቧራቸውን እጠርግላቸዋለሁ እንጂ አልጠጣባቸውም። የምሠራበት መጦሪያ የጠዋት ሺፍት ሰጥቶኛል። አዛውንቶቹን አጥቤ፣ አልብሼ፣ አብልቼ ስመለስ ለራሴ እህል ለማሞቅ እንኳን ጉልበት የለኝም፤ ቆሜ ከድስቱ እበላለሁ። ሰው ሁሉ በርቺ ይለኛል። በርቺ፣ በርቺ! ምኑን ነው የምበረታው? አንዳንዴማ በያዝኩት ማማሰያ ባልኳቸው ያሰኘኛል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ልጅህ ሊያም ጠፍታ ነበር። ከቀብርህ በኋላ ፖርትላንድ ሄዳ በዚያው ቀረች። ኮል ታደርጋለች፤ ኦኬ ማሚ፣ ላቭ ዩ ማሚ፣ ከዚያ ትዘጋዋለች። ለምን አትመጪም ስላት፣ አባዬ የሌለበት ቤት ትንፋሽ ያሳጥረኛል አለችኝ። እኔስ የት ሄጄ ልተንፍስ? አላልኳትም። ልጅ ናት፣ እሷም ተጎድታለች ብዬ ዋጥኩት። ስለዚህ ያቺ አደራ ያልከን ጠርሙስ ሳትከፈት ከረመች።

ሆስፒታል ተኝተህ ያልከውን አልረሳሁትም። የኮት ቁምሳጥኑ ውስጥ በሹራቤ የተጠቀለለችውን ቀይ ወይን ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ክፈቷት፤ እንግዳ አትጥሩባት፤ እኔ ከሄድኩ በኋላ ለየብቻ እንዳትሆኑ አልከን። ሊያ አለቀሰች። እኔ ግን፣ ይሄ ሰውዬ እዚህ ደርሶም ወይኑን አይተውም እንዴ ብዬ በሆዴ ተናደድኩብህ። ኋላ ነው የወይን ነገር እንዳልነበረ የገባኝ።

መቼም ወይኑ የመጣባትን ያችን እርሻ እንዳንተ የወደዳት ሰው የለም። ዳውንታውን ያ ሬስቶራንት ሰሃን አጣቢ ሆነህ ገብተህ፣ አስተናጋጅ ሆነህ፣ በመጨረሻ ወይን የሚመርጠው ሰው አንተ ሆንክ። አለቃህ ፈረንሳይ፣ ቡርጎኝ ይዞህ ሄዶ ስትመለስ የጫማህን ጭቃ እንዳላጥበው ከለከልከኝ። ያየኸው አገር ሙሉ ነበር፤ የምታወራው ግን ስለ አንዲት ቁራሽ መሬት። በድንጋይ አጥር የታጠረች፣ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ የማትሰፋ፣ የድሮ መነኮሳት የተከሏት፣ እስከ ዛሬ በፈረስ የሚያርሷት። በፈረስ ማረስ ብዬ ስስቅ ተቆጣህ። ትራክተር ከገባባት አፈሩ ይረገጣል፣ ሥሩ ይታፈናል ብለህ ስታስረዳኝ ሻዬ ቀዘቀዘ። ባለቤቷ አንዲት ባልቴት እንደነበሩ፣ ወይኑን በገዛ እጃቸው እንደሚገርዙ፣ እጃቸው የእናትህን እጅ እንደሚመስል ነገርከኝ። የእናትህን እጅ ስታነሳ ድምፅህ ተለወጠ።

ደግሞ አቀማመስ ልታስተምረኝ ያልደከምከው ድካም! ከዚያች እርሻ ያመጣኸው ወይን ቀለሙ ስስ ስለሆነ ውሃ የገባበት መሰለኝ። አሽትቺው፣ ዝናብ የነካው ቅጠል አይሸትሽም? አልከኝ። እኔን የሸተተኝ ኮምጣጤ ነው። መነኮሳት የተከሉት ነው፣ አትፍሪው ብትለኝም ኮካ ጨመርኩበት፤ አንተም ተነስተህ በረንዳ ላይ ቆምክ። ሊያ ወለሉ ላይ ተንከባላ ስትስቅ ግን አንተም በረንዳው ላይ ሆነህ ሳቅክ። እንደዚያ ቀን ሦስታችንም ደስ ብሎን አናውቅም።

ባልቴቷ አርፈው ልጆቻቸው እርሻዋን ለትልቅ ድርጅት የሸጧት ጊዜ፣ ዘመድ እንደሞተበት ሰው ሆነህ ዋልክ። ያቺን ጠርሙስ ያመጣኸው ያኔ ነው፤ ከእሳቸው እጅ የወጣ የመጨረሻው ምርት ነበር። ሌላ የላትም፣ ወደፊትም አይኖራትም አልከኝ።

አሁን ወደ ቅዳሜ ልምጣ። ሊያ ለሙት ዓመቱ እመጣለሁ አለችኝ። እንግዳው ሲወጣ የአባዬን ወይን እንከፍታለን አለች፤ እኔም ለድግሱ ሳይሆን ለዚያች ሰዓት ስጓጓ ሰነበትኩ። ዓርብ ከሥራ ስወጣ ኦቴሎ ሰፈር ሄጄ ዶሮና በርበሬ ገዛሁ። በነጋታው የማኅበራችን እትዬ ስንዱ ማኅበርተኞቹን አስከትለው እዚሁ ቅርብ ካለው ከዴ ሞይን መጡ፣ ኩሽናዬንም ተረከቡ። አንቺ ወደ ቤተ ክርስቲያንሽ፣ ለቤቱ እኛ አለን አሉኝ። የእሳቸው ደግነት መቼም ታውቀዋለህ፣ እንቢ አይባልም።

ቅዳሴውም ፍትሐቱም አለቀ፤ ሊያን ከባቡር ጣቢያ ይዣት መጣሁ። በሩን ስንከፍት የወጡ ሽታ ተቀበለን። ሊያ ማንንም ሳትስም ቀጥ ብላ ወደ ቁምሳጥኑ ሄደች። ከፈተችው፤ የእንግዳ ጃኬት ብቻ ነው። ለካ ዝናብ ስለሆነ፣ ለጃኬት መስቀያ ይሁን ብለው ዕቃውን በሙሉ አውጥተውታል። ሹራብህን ሶፋው ላይ አየሁት፤ ታጥፎ፣ ባዶውን።

እትዬ ስንዱ ደግሞ ማማሰያቸውን እንደያዙ፣ ደስ ብሏቸው መጥተው ነገሩኝ። ያለ ወይን ዶሮ ወጥ አይሠሩም፤ ያንን እናውቃለን። ሰዉ ያመጣውን ወርቅማ ወረቀት የተለጠፈበትን ወይን ሁሉ ለእንግዳ ብለው ጠረጴዛው ላይ ደርድረዋል። አቧራ የለበሰችውን፣ ወረቀቷ የወየበውን ግን ይቺማ ለወጥ ትሁን አሉ። ቡሿ ቢፈረፈርባቸው በሻይ ማጥለያ አጥልለው ጨመሯት። ሙሉዋን! የኔ ልጅ፣ አሮጌዋን ጨርሼብሻለሁ፣ አዲሶቹን ግን አንድም አልነካሁብሽም አሉኝ፣ እንዳመሰግናቸው እየጠበቁ።

አመሰገንኳቸው። ለመቆጣት እንኳን አቅም አልነበረኝም። ያስፈራኝ ሊያ ነበረች። ባዶዋን ጠርሙስ ከቆሻሻው ውስጥ አንስታ ያዘቻት። ሻንጣዋ ገና በሩ ላይ ነው፤ አንስታው ትሄዳለች፣ ከእንግዲህም አትመጣም አልኩ። አባቷ የተወልን አንዲት ነገር ነበረች፣ እሷንም ጠብቄ ማቆየት አቃተኝ። መኝታ ቤት ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አልኩ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩልህ፤ በቀብርህ ዕለት ያላለቀስኩትን ጨምሬ።

በሩ ተከፈተና ሊያ ገባች። በአንድ እጇ እንጀራ፣ በሌላው ወጥ ሞልታ ይዛለች። በሩን በእግሯ ዘጋችው። ወለሉ ላይ ተቀመጠችና፣ ማሚ ነይ፣ ሳያልቅ እንብላው አለችኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። እኔ ጠቅልዬ አጎረስኳት፣ እሷም አጎረሰችኝ። ዓይኗን ጨፍና አላመጠች፤ ማሚ፣ የአባዬ ቅጠል አለበት፣ እየሸተተኝ ነው ብላ ማለችልኝ። እኔ ከኮረሪማ በቀር ምንም አልሸተተኝም። ከዚያ አባዬ ይህን ቢያይ አለችና ሳቅ ጀመራት፤ ስትስቅ ስትስቅ ማልቀስ ሆነ። አቅፌያት እኔም ሳቅኩ። እትዬ ስንዱ በሩን አንኳኩተው ጨው ይበቃዋል ወይ ብለው ሲጠይቁማ ትራስ አፋችን ላይ ያዝን።

ሳሎን ያለው ሰው ሁሉ እጁን እየላሰ ወጡን አደነቀ። መነኮሳቱ የተከሉትን፣ ባልቴቷ የገረዙትን፣ አንተ ሹራብህን ያለበስካትን እየበላ መሆኑን ማንም አላወቀም። ለእትዬ ስንዱም አንነግራቸውም፤ ተማምለናል። የሠሩት በፍቅር ነው፣ ለምን ይዘኑ።

ሊያ አልሄደችም። ለሥራዋ ደውላ ሳምንቱን እዚሁ ነኝ ብላለች። ይሄን ስጽፍልህ አንተ በምትተኛበት በኩል ተኝታለች፣ እንዳንተው አፏን ከፍታ።

አደራህን እንዳልከው አልጠበቅኩትም፣ ሙሌ። ሁለታችን ብቻ አልሆንንም፣ ወይኑንም አልጠጣነውም። በሩን ዘግተን አብረን በልተነዋል ግን። ከእንግዲህ በየዓመቱ በዚህች ቀን አንተን እያነሳን አንድ ላይ እንቀመጣለን። እሷ መምጣት ካቃታት እኔ ፖርትላንድ እሄዳለሁ፤ እየደከመኝም ቢሆን እሄዳለሁ።

የሺ