የጋሼ የነዳጅ ጉድጓድ

ሰኞ

ዓርብ ሊፈርም ነው። ጋሼ፣ የገዛ ታላቅ ወንድሜ! እቁብ ወጣለትና ገንዘቡን በሙሉ ምዕራብ ቴክሳስ ለሚቆፈር፣ ሼል ከሚሉት አለት ነዳጅ ለሚወጣበት ጉድጓድ ድርሻ ሊከፍል። ያ ገንዘብ የሚስቱና የሁለት ልጆቹ ትኬት፣ የአፓርታማቸው ዲፖዚት ነበር። ቪዛቸው ወጥቶ እሱን ነው የሚጠብቁት። ያግባባው ቸርች አብሮት የሚጸልይ ሰው ነው። አዲሰን ከተማ የነዳጅ ኩባንያ ቢሮ ቁጭ ብዬ ቀኑን ሙሉ የቁፋሮ ሂሳብ የምሠራውን እኔን፣ እህቱን፣ አልጠየቀኝም።

ማክሰኞ

ደወልኩለት። «የቸርች ጓደኛዬ ከሌላ ጉድጓድ የመጣለትን ቼክ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሶ ምኑ ነው ያስፈራሽ?» አለኝ።

የመጀመሪያው ቼክ ነዋ! እንዲህ ያለ ጉድጓድ ሲከፈት ይንፎለፎላል፤ ዓመት ሲሞላው ብዙ ጊዜ ግማሹም አይገኝም። ወጪውን መመለስ ያለበት ገና በጉልበቱ ሳለ ነው። ያኔ የነዳጅ ዋጋ ከወረደ አለቀ። ይህን ሁሉ ነገርኩት። «እቁብም ሲጀመር ያጠራጥራል» ብሎ ዘጋብኝ።

ረቡዕ

ንዴቴ አልበረደም። ጭራሽ ሚስቱ ከደሴ ደወለች። ሻንጣ ገዝተዋል። ትንሿ ልጅ «እዚያ የራሴ አልጋ አለኝ?» እያለች ነው አለችኝ። ስለ ጉድጓዱ አታውቅም። አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ምክር እምቢ ያለ መከራ ይመክረዋል ይላሉ፤ እዚህ ግን መከራው የሚያርፈው ልጆቹ ላይ ነው።

ሐሙስ

ከሥራ ስወጣ እሱ ወደሚኖርበት ፎርት ዎርዝ ነዳሁ። ጋሼ ኩርፊያው አልለቀቀውም፤ ሽሮ ግን አቀረበ። እየበላን፣ «ለዚያ ላግባባህ ሰውዬ ኮል አድርግ። ቁፋሮው ከታሰበው በላይ ቢያስወጣ ማን ይከፍላል በለው» አልኩት። ስፒከር ላይ አደረገው።

«ሁላችንም እንደየድርሻችን ነዋ» አለ ሰውየው ሳቅ ብሎ። «ግን አይደርስም።»

እኛ ቢሮ ስንቴ እንደደረሰ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጋሼ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። «ማለቴ፣ ከከፈልኩ በኋላም ይጠይቁኛል? በእቁብ እኮ የምትጥዪው ይታወቃል!» ይፈርም አይፈርም ሳላውቅ ተመለስኩ።

ዓርብ

ስልኬን ሳይ ዋልኩ። ሥራ ላይ ሁለቴ ሂሳብ ተሳሳትኩ። አመሻሽ ላይ መልእክት ገባ፦ «የሦስቱንም ትኬት ቆረጥኩ። የተረፈችዋን ግን ለጉድጓዱ ልሞክራት?»

ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣ። ይሄ ሰው አይድንም! «በተረፈችው ለትንሿ አልጋ ግዛላት» ብዬ ጻፍኩለት።