ያልተጠየቀችው የበኩር ልጅ

ይድረስ ለእማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? የጋጣው ቁልቁለት በበረዶ እንዳያንሸራትትሽ አደራ። የአባዬስ ሳል ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ትሮንድሄም ከተማ ሲዘንብ ይውላል፣ እኔም ስጽፍና ስሰርዝ እውላለሁ።

የምሰርዘው የመመረቂያ ጥናቴን ጥያቄ ነው። እሱ ሳይጸድቅ አንድ ገጽ መጻፍ አልችልም። ሕጉ፣ ሴትም ብትሆን፣ እርሻውን የበኩር ልጅ ትውረስ ይላል፤ በእኛ ሸለቆ ግን የሚያርሱት ታናናሽ ወንድሞች ናቸው። እናም «የበኩር ሴት ልጆች እርሻውን ለምን ይተዋሉ?» ብዬ ለአማካሪዬ ለሃልፍዳን ወሰድኩለት። አንብቦ መነጽሩን አወለቀና «መተዋቸውን ማን ነገረሽ?» አለኝ። «እኔ ራሴ ትቼ የለ!» አልኩት። «እሺ፣ መቼ ተውሽ? ምን ብለሽ?» አለኝ። ዓመቱን በጣቶቼ መቁጠር ጀመርኩ። «ጥያቄሽ ሳይጠይቅ መልሷል፤ ሂጂና እንደገና አስቢበት» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።

መንገዱን ሁሉ ስረግመው ሄድኩ። ቤት ስገባ ግን የፋሲካው ምሳ ትዝ አለኝ። አባዬ የበጉን ሥጋ እየቆረጠ «እርሻው እንግዲህ የኤይቪን ነው» ያለ ቀን። ወንድሜ ያኔ ትራክተር ማስነሳት እንኳ ይፈራ ነበር፤ ላም ምጥ ሲጠናባት እጄን አስገብቼ የማዋልዳት እኔ ነበርኩ። ቀና ብዬ አንቺን አየሁሽ። ድንች እያቀበልሽኝ፣ ፈገግ ብለሽ፣ «እሷማ የመጽሐፍ ሰው ናት፤ ላም ምን ያደርግላታል?» አልሽ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በዚያው ዓመት ሻንጣዬን በእጅሽ አዘጋጅተሽ ወደዚህ ላክሽኝ። ይኼን ሁሉ ዘመን ትምህርቱ ስጦታ መስሎኝ ሳመሰግንሽ ኖርኩ። አሁን አንጀቴ እርር ብሏል እማዬ፣ አልደብቅሽም።

ጥያቄውን ቀየርኩት። «የበኩር ሴት ልጆችን እርሻውን አትፈልጉም ብሎ መጀመሪያ የሚነግራቸው ማን ነው?» ይላል። ሃልፍዳን «አሁን ገና ጠየቅሽ» ብሎ ፈረመበት። ደስ አላለኝም።

በሚመጣው ወር መቅረጸ ድምፅ ይዤ እመጣለሁ። የመጀመሪያዋ ተጠያቂ አንቺ ነሽ። በጥናቱ ላይ ስምሽ ይቀየራል፤ ያልፈለግሽውን አለመመለስ መብትሽ ነው። ለሁሉም የምንለው እንዲህ ነው።

ስለ እኔ አልጠይቅሽም። የምጠይቅሽ አጎቴ ኮሬ ስለሚያርሰው፣ አንቺ ስለተወለድሽበት እርሻ ነው። ታላቅ እህቱ አንቺ ነሽ። ወደ ከተማ ስንወርድ በዚያ በር ባለፍን ቁጥር ፊትሽን ወደ ወንዙ ታዞሪ ነበር። ልጅ ሆኜ ወንዙን የምትወጂው ይመስለኝ ነበር።

ለአንቺስ፣ እማዬ፣ ድንቹን ያቀበለሽ ማን ነበር?

ጉልበትሽን እግዜር ይማርልሽ። በሰላም ቆይተሽ በሩን አንቺው ክፈቺልኝ።

የበኩር ልጅሽ