ከበሩ የሰፋች ሞተር

ይድረስ ለምወድሽ እታለም፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያምሻል? የባለቤትሽ ሳልስ ተሻለው? ልጆቹ እንደ ድሮው ሁሉም በአንዴ ያወራሉ ወይስ አድገው ዝምታ ጀመሩ? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ መርፌ ይዤ ሳለሁ ይመጣብኝና ቀዳዳው ይጠፋኛል።

እንግዲህ አትሳቂብኝ፣ ሞተር ገዛሁ። ባለ ሁለት ጎማ እንዳይመስልሽ፤ አራት ወፋፍራም ጎማ ያላት፣ እንደ ፈረስ የሚቀመጡባት፣ በአሸዋና በሜዳ የሚፈነጩባት ናት። «በዚህ ዕድሜሽ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ግን እታለም፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ወንበር ስሰፋ፣ አንዱም ወንበር የት እንደሚሄድ አላየሁም። እሑድ እሑድ ከሱቁ ጀርባ ካለው ሜዳ የሞተሮቹ ድምፅ ሲመጣ እጄ ስፌቱ ላይ፣ ልቤ ማዶ አቧራው ውስጥ ነበር።

ሻጩ ሁለት አሳየኝ። አንዷ ከፍ ያለች፣ ከኋላዋ ዕቃ መጫኛ ያላት፤ ሌላዋ ዝቅ ያለች፣ ቀለል ያለች፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የስፖርት። ባለቤቴ የመጀመሪያዋን እየዳበሰ፣ ይቺ እንኳ ጡብ ታመላልስልኛለች አለ። ግንበኛ አይደል፣ ዓለም ሁሉ ጡብ ይመስለዋል። እኔ ዐይኔን በጨው ታጥቤ ዝቅ ያለችውን መረጥኩ። ለምን ትጠቅማለች ሲለኝ፣ ለመሄድ ብቻ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ የእሱ ዝምታ ደግሞ ከንዝንዝ ይከፋል።

የሰፈራችንን መካኒክ «ቀስበል» እንለዋለን፣ ቸኩሎ ስለማያውቅ። ጉልበቷን ጨምርልኝ ስለው ተቆጣኝ፤ መሮጥማ ማን ያቅተዋል፣ መጀመሪያ መቆም ትማር ብሎ ፍሬኗን ቀየረ። ከዚያ ሞላዎቿን በእኔ ክብደት ልክ አስተካከለ፣ ስዞር እንዳትገለብጠኝ ደግሞ የጎማዎቿን ዘንግ በግራም በቀኝም አስረዘመው። ወንበሯን እኔው ሰፋሁላት፤ በሕይወቴ ለራሴ የሰፋሁት የመጀመሪያው ወንበር። ይህ ሁሉ በየቅዳሜው ግቢያችን ውስጥ ሲሠራ እኔ ሳህን ሳጥብ እንኳ ሜዳው ላይ ነበርኩ፤ ውሃው ሲፈስ ነፋስ ነፋስ ይለኝ ነበር።

እሑዷ ደረሰች። ሄልሜቴን አጥልቄ፣ አስነስቼ ወደ በሩ ስነዳ ቀጥ! አላልፍም አለች። ጉድ በይ እታለም፣ ሁሉን ስንለካ በሩን አልለካነውም! ቀስበል ሜትሩን ዘርግቶ፣ በአራት ጣት ትበልጠዋለች ብሎ ራሱን ያዘ። ዘንጉ ይጠር ቢባል እንደምትገለብጠኝ ራሱ ነግሮኛል፤ በየሳምንቱ ጎማ ፈትቶ ማውጣት ደግሞ የማይሆን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ ሄልሜቱን ሳላወልቅ አለቀስኩ፤ ደግነቱ ፊቴ አይታይም።

በሩን የገነባው ባለቤቴ ነው፤ የሠራሁትን አፍርሼ አላውቅም እያለ እንደሚኮራ ታውቂያለሽ። ፊቱን አዙሮ ወደ ዕቃ ቤት ገባ። ተናደደ ስል መዶሻና መሮ ይዞ ወጣ፤ የግራውን ምሰሶ አንዴ በመዳፉ ዳሰሰና ያፈርሰው ጀመር። ያኔ ማንም አልሳቀም።

ከዚያማ ምን ልበልሽ። ሜዳው እንደማያልቅ ጨርቅ ከፊቴ ይዘረጋል፣ ነፋሱ በእጅጌዬ ይገባና በጀርባዬ ይወጣል። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ጮህኩ፣ ምን ብዬ እንደጮህኩም አላውቅም፤ ደስ ብሎኝ ብቻ ነው። ስመለስ ባለቤቴ ፍርስራሹ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ምሰሶውን መቼ ትመልሰዋለህ ስለው፣ ይቆይ፣ ነገ እኔንም እብደቱ ቢይዘኝ የእኔዋ ሞተር ስንት እንደምትሰፋ በምን አውቃለሁ አለኝ። አንጀቴን አራሰው።

እታለም፣ እናታችን ካረፈች ጀምሮ መጀመሪያ እኛን፣ ከዚያ የራስሽን ልጆች ስታሳድጊ ኖርሽ። ምን ጎደለሽ ብዬ ሁሌ ጠይቄሻለሁ። ምን ያምርሻል ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም፣ አፈርኩ። ለማንም የማይጠቅም፣ ላንቺ ብቻ የሚሆን ምንድን ነው? ሳታፍሪ ጻፊልኝ።

ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ፣ ሻርፑን ይልበስ። ትልቋን በሁለቱም ጉንጯ፣ ትንሹን ከያዝሽው በግንባሩ ሳሚልኝ። ባለቤቴም ሰላም ብሎሻል፤ ቀስበልም ቀስ ብሎ።

ታናሽ እህትሽ

ከስፌት ሱቁ መስኮት አጠገብ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ግንቦት 12 ቀን