ለጠመኔ፦ ስለ ክሊኒኩ ታፔላ

ውድ ወንድሜ ጠመኔ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እህትህስ ደኅና ናት? ይህን ደብዳቤ በራሴ እጅ ስላልጻፍኩት አትቀየመኝ። እኔ እየተናገርኩ ልጄ ናት በኮምፒውተር የምትጽፍልኝ። አሁን ራሱ «ቀስ በል አባዬ፣ ባቡር አያመልጥህም» እያለችኝ ነው። በእጄ ያልጻፍኩበትን ምክንያት ወረድ ብለህ ታገኘዋለህ። ደብዳቤውም የተጻፈው ለዚያው ነው።

አራት ዓመት ሞላን። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልደወልኩልህም። አንተ ሁለት ጊዜ ደውለሃል። ሁለቱንም ጊዜ ልጄን «የለም በዪው» ያልኳት እኔ ነኝ። አጠገቧ ቆሜ ነበር። «ሥራ በዝቶበት ነው አይደል? ይብዛለት፣ ይብዛለት» ስትላት ድምፅህ ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ደርሷል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ልጄ ፊቴን አይታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሃያ ሁለት ዓመት በአንዲት ጠባብ ክፍል ጀርባ ለጀርባ ታፔላ ሠርተናል። አንተ በጠመኔ ትነድፋለህ፣ እኔ ቀለም እሞላለሁ። የሰፈሩ ሰው አንተን ጠመኔ፣ እኔን ቡርሽ ብሎ ስም አወጣልን፤ ቀስ በቀስ እናቶቻችን ያወጡልንን ስም የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ስትነድፍ ትንፋሽህን ትይዝ ነበር። አንድ ፊደል ስትጨርስ ኡፍ ትላለህ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼህ ቀለም እየበጠበጥኩ፣ ስንተኛው ፊደል ላይ እንደደረስክ በኡፍታህ ብቻ አውቅ ነበር። ሰው «ናፈቀኝ» ሲል ፊት ነው የሚመጣበት። እኔ ላይ የሚመጣብኝ ያ ኡፍታህ ነው። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን በቀረሁበት ወር፣ ቀለም እየበጠበጥኩ ሳላውቀው እሱን እጠብቅ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ፤ ዙሪያውን ስዞር ይመሻል።

እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው ከክሊኒኩ ሥራ ስምንት ወር ቀደም ብሎ ነው። ቀኝ እጄ። መጀመሪያ አውራ ጣቴ ብቻ ነበር፤ ከዚያ እስከ አንጓዬ ወጣ። አንተ እንዳታይብኝ ያላደረግኩት ነገር የለም። ሻይ ስንጠጣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ትቼ አንገቴን ወደ እሱ እሰብር ነበር። «ምነው እንደ ግመል እያጎነበስክ ትጠጣለህ?» ብለህ ስቀህብኛል። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ስሞላ ደግሞ ቀኝ እጄን በግራዬ ደግፌ፣ ሰውነቴን ላሜራው ላይ ተክዬ እሞላለሁ። ትልልቅ ፊደል ላይ ያስኬደኝ ነበር።

የክሊኒኩን ታፔላ ጠዋቱን ሙሉ ስትነድፍ ዋልክ። «የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ።» ጨርሰህ እጅህን ታጠብክና «እህቴ መድኃኒት ላክልኝ ብላኛለች፣ ደርሼ ልምጣ» ብለህ ወጣህ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። እስከ «ሕፃናት» ድረስ ደኅና ሄድኩ። «ክሊኒክ» ላይ ስደርስ እጄ እንቢ አለኝ። «ኒ» እግሯ ላይ ቀለሙ ከጠመኔህ መስመር ወጣ። እሱን ላስተካክል ስል ፊደሏን አወፈርኳት፤ ከእሷ ጋር ላመጣጥን ስል የመጨረሻዋን «ክ» ገፋኋት። ወደ ኋላ ሄድ ብዬ ሳየው ቃሉ ቁልቁለት የሚወርድ መሰለ።

ያን ጊዜ ልጠብቅህና «እጄ ነው» ልልህ እችል ነበር። በተርፔንታይን ጠርገን እንደ አዲስ እንሠራው ነበር፤ ስንቱን ጠርገናል! እኔ ግን ቀለሙ የት እንደሳተ እንዳይታወቅ እርጥብ ጨርቅ ወስጄ የጠመኔህን መስመር አጠፋሁት። ወንድሜ፣ እጄ ቀለሙን ያበላሸው ሳይፈልግ ነው። ጠመኔህን ሲያጠፋ ግን እኔ ነኝ ያዘዝኩት።

በማግስቱ ልንሰቅለው ስንል የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር ወጥታ አየችው። «ይሄ ታፔላ ወድቆ የተነሳ ይመስላል። ማነው የጻፈው?» አለች። እኔ አፌን ሳልከፍት አንተ «እኔ ነኝ» አልክ። ከዚያ መንገዱን ተሻግረህ ከወዲያ ማዶ ቆመህ ረጅም ሰዓት አየኸው። መነፅርህን አወለቅህ፣ በሸሚዝህ ጫፍ ጠረግኸው፣ መልሰህ አደረግኸው። አጠገብህ ስመጣ «ቀጥ አድርጌ የነደፍኩት መስሎኝ ነበር። ዓይኔ ነው ማለት ነው» አልከኝ።

እኔ ምን አልኩህ? ታስታውሳለህ? እኔ አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም። «ምን ታደርገዋለህ፣ ዕድሜ ነው» አልኩህ። ትከሻህንም መታ መታ አደረግሁህ። በግራ እጄ። ቀኙ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አንድ ፊደል አልነደፍክም። በሦስት ወርህ ጓዝህን ሰብስበህ ወደ እህትህ ከተማ ሄድክ። ቡርሾችህንና የካሬ ደብተሮችህን በሙሉ ለእኔ ተውክልኝ። በአውቶቡሱ መስኮት አንገትህን አውጥተህ «ያንተ እጅ ገና ነው፣ ቀጥል» አልከኝ። ሰዎቹ ሰላምታ የምሰጥህ መስሏቸው ይሆናል፤ እጄን ስላነሳሁ። የምሰጥህ ሰላምታ አልነበረም። «እጄ ነው» ልልህ አንስቼው መውረድ አቅቶት ነው።

(ልጄ እዚህ ላይ ጣቷን ከኪቦርዱ አንስታ ነበር። ውኃ ጠጥታ ተመልሳለች።)

ክፍሏን በወሩ ዘጋኋት። ከዚያ ወዲህ ውሎዬ ልጄ ጋ ነው። ኮምፒውተር የምትጠግንበት ሱቅ አላት፤ በሩ ላይ ተቀምጬ ገቢና ወጪውን አያለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ጡረተኛ መምህር አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አምጥተው ጥለው ሄዱና ሳይመለሱ ቀሩ። ልጄ አቧራውን አራግፋ ብታበራው ሠራ። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል! ዶስ በሚባለው በዱሮው ፕሮግራም ነው የሚሠራው፤ ማውስ እንኳ የለውም» አለችኝ። ጥቁር ስክሪን ነው። ውስጡን ስትበረብር አንድ የሥዕል ፕሮግራም አገኘች። የዱሮ ሰዎች በፊደልና በትንንሽ ካሬ ብቻ ሥዕል የሚሠሩበት።

«የልጅ ጨዋታ ነው» አልኳት።

«እስቲ ቀስቷን ተጫናት።»

ተጫንኳት። ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ሰረዝ አለች፤ አንድ እርምጃ ሄደችና ቆመች። ሌላ ቁልፍ አሳየችኝ፤ እሱን ስጫን ሰረዟ የነበረችበት ቦታ በነጭ ሞላ። ደግሜ ተጫንኩ። ጣቴ ሲንቀጠቀጥ ሁለቴ ይነካና አንድ ይተርፋል፤ አንዱን ማጥፋት ነው። ካሬዋ ግን ካሬ ናት። እንደ ቀለም አትፈስም፣ አትጣመምም። ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ሰማንያ ናቸው። ሰማንያውን ሞላኋቸውና ወደ ኋላ ሄድ ብዬ አየሁ። ቀጥ ያለ መስመር። ስንት ዓመት ሆኖኝ ነበር! ትከሻዬ ሲርገፈገፍ ልጄ የሳቅሁ መስሏት እሷም ሳቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን የሚጠብቅላት ጠፋ። ቀለሙ አሥራ ስድስት ብቻ ነው፤ መደባለቅ የሚባል ነገር የለም። ቡናማውን ብታየው ትጠላዋለህ፤ ዝገት ነው የሚመስለው። ጥላ ለመጣል ነጠብጣብ ያለበት ካሬ አለ፤ ሳሳ ያለም፣ ጠቆር ያለም። ማሽኑ የእኛን ፊደል ጨርሶ አያውቅም። ስለዚህ እያንዳንዷን ፊደል ካሬ በካሬ ራስህ መገንባት አለብህ። ሃያ ሁለት ዓመት አንተ የነደፍከውን ስሞላ ኖሬ፣ «ሀ» ከየት ተነስታ የት እንደምታርፍ አለማወቄን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። የመጀመሪያዋ «ሀ»ዬ ባልዲ ሆነች። «ክብ ፊደል ከመስመሩ ትንሽ ወረድ ካላለ ከጓደኞቹ ያነሰ ይመስላል» ትለኝ ነበር። በካሬ እንዴት ትንሽ ይወርዳል? ሁለት ቀን አሰብኩ። በኋላ ልጄ የካሬውን ግማሽ ብቻ የሚሞላ ቁልፍ አሳየችኝ። ግማሽ አወረድኳት፤ «ሀ» ሆነች። የዚያን ዕለት ስልክ አንስቼ ልደውልልህ ነበር። ቁጥርህን እስከ ግማሹ መታሁት።

ቢቸግረኝ የካሬ ደብተሮችህን ከሳጥን አወጣሁ። ታፔላውን ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ላይ በእርሳስ አይደል የምትሠራው? የፀጉር ቤቱን፣ የዳቦ ቤቱን፣ የጫማ ሰፊውን፣ አንድ በአንድ እያየሁ ስክሪኑ ላይ ገለበጥኳቸው። የስክሪኑ ካሬ ቁመቱ ረዘም ስለሚል ጎን ለጎን ያሉትን ሁለቱን እንደ አንድ ቆጠርኩ። እንዲህ እያልኩ የክሊኒኩ ገጽ ላይ ደረስኩ። አልፌው ልሄድ ነበር። አላለፍኩትም። ሙሉው ስም ስለማይገባ «ክሊኒክ» የሚለውን ብቻ ሠራሁት፤ እርሳስህ ያረፈበትን ካሬ እየቆጠርኩ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ቀጥ ብሎ ወጣ። አንዲት ካሬ እንኳ አልወረደም። አጠፋሁትና እንደገና ሠራሁት። እንደገና ቀጥ አለ።

ሳምንቱን ሙሉ እሱን ብቻ ስሠራ ልጄ «አባዬ፣ ምነው ይሄን ትደጋግመዋለህ?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ሁሉንም። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ለእሳቸው ነው እንጂ» አለችና ካቻቢቴዋን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ለሁለት ቀን ያናገረችኝ ሻይ ስታቀርብልኝ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ግን ክሊኒኩ ጋ ሄድኩ። ሲስተሯ አሁንም እዚያው ናት፤ ፀጉሯ ሸብቷል። «እመቤቴ፣ ያን ታፔላ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ጓደኛዬ አይደለም» አልኳት።

«የቱን ታፔላ?» አለችኝ።

አስረዳኋት። ግንባሯን ቋጥራ አሰበች፤ አላስታወሰችውም። እጄን አየችና «ሐኪም አይቶልዎታል ወይ?» ብላ ወንበር ሳበችልኝ። አየህ፣ አንተን ከሙያህ ያስወጣህን ነገር፣ እኔን አራት ዓመት አንገቴን ያስደፋኝን ነገር፣ ከሁለታችን በቀር የሚያስታውሰው ሰው የለም። የሳበችልኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሐኪሙም አየኝ፤ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ትንሽ ያረጋጋዋል፤ ቡርሽ ግን አያስይዝህም ብሎኛል።

ስላንተ የነገረኝ በእናንተ መስመር የሚሠራው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። «የእህቱ ልጅ ሱቅ ሲከፍት ስሙን በሩ ላይ ጻፍልኝ ብሎ ቢለምነው፣ ዓይኔ አያይም ብሎ እንቢ አለ» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ እየሳቀ «ግን እህቱ ሦስቴ ሞክራ ያቃታትን ክር ተቀብሎ፣ በመርፌው ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ሰደደላት» አለ። እሱ ለጨዋታ ነው የነገረኝ። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለውን ወረቀት ተመልከተው። ፕሪንተሩ ቀለም የለውም፣ ጥቁር ብቻ ነው። ያ ያንተ ንድፍ ነው፤ እርሳስህ እንዳረፈበት፣ እኔ ሳልነካው። ማስመሪያ አምጥተህ ለካው። እኔን ይቅር የማለቱን ነገር እንዳሻህ አድርገው፤ አልለምንህም፣ ፊትም የለኝም። ዓይንህን ግን ይቅር በለው። ምንም አላጠፋም።

ሐሙስ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ልጄ «ደብዳቤው ይድረስና ይጥሩህ እንጂ» ብላኛለች፤ እኔ ግን መጠራት አይገባኝም። በሩን ባትከፍትልኝ ቅር አይለኝም። ደጃፍህ ላይ ቆሜ ለእህትህም፣ ለልጇም፣ ለጎረቤትህም ያን ፊደል ያጣመመው ማን እንደሆነ ጮክ ብዬ ተናግሬ በከሰዓቱ አውቶቡስ እመለሳለሁ። እጄ ቢንቀጠቀጥም ድምፄ ገና ደኅና ነው።

ወንድምህ፣
ቡርሽ