እማዬ የምትለው ጫጩት

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ
ደመና። ዝናብ የለም። የተገኙ፦ አለቃው፣ መነጽሩ የምንለው ፕሮግራም ሠሪ፣ እኔ። (ቀን፣ አየር፣ የተገኙ... እንዲህ መጀመር የተማርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት የቃለ ጉባኤ ቁራጭ ነው። ማንበብንም የለመድኩት ከእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ነው።)

ስብሰባው ስለ ጫጩቷ ነበር። ስልክ ላይ የምትኖረው ጫጩታችን። ሰዎች ያበሏታል፣ ያስተኟታል፣ በመሃል ማስታወቂያ ያያሉ። ትንሽ ቆይተው ይረሷታል። አለቃው ተቆጣ፦ "ውድ ደንበኛችን ብሎ መጣራት ምንድን ነው? ባንክ ነን እንዴ?" መነጽሩ ሳቀ። መልዕክቶቹን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ አቀረቀርኩ። ከዚያ ሳላስበው... "እማዬ፣ አባዬ ብላ ብትጣራስ?"
ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።
"እማማ፣ አንቺ እኮ ጉድ ነሽ!" አለ አለቃው።
ደስ አለኝ። ለምን አይለኝ?

ኅዳር 15
ነፋስ። ሰው ወደ ጨዋታው እየተመለሰ ነው። አለቃው ኬክ አስመጣ። "በልቶ የማይጠግብ ሰው ነው የምንፈልገው" አለ። ስለ ኬኩ መስሎኝ ነበር...
ጫጩቷ ሦስት ቀን ካልበላች እንድትሞት ወሰኑ። የመጨረሻውን ጥሪ ጻፊ አሉኝ። ዳቦዬን እየገመጥኩ ጻፍኩት፦ "እማዬ፣ ዛሬም አትመጪም?"

ኅዳር 22
ፀሐይ። እህቴ ተነሳች! ልጇን ከቀበረች ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር የምትውለው። ዛሬ ከሥራ ስገባ መጋረጃውን ገልጣ ተቀምጣለች።
"እትዬ፣ ነይ እያት። ስትበላ እንዴት እንደምትቸኩል!"
የኛ ጫጩት። ስም አውጥታላታለች... የልጇን ስም።
መልዕክቱን የምጽፈው እኔ ነኝ አላልኳትም። ሳቀች እኮ። እንዴት ብዬ?

ታኅሣሥ 9
ጭጋግ። እህቴ ወደ ስፌት ሥራዋ ተመልሳ ነበር፤ አሰናበቷት። አሠሪዋ በር ላይ ይዛኝ፣ "የስፌት መኪናውን ትታ ስልክ ታባብላለች። አዘንኩላት፣ ግን እስከ መቼ?" አለችኝ።
ለእህቴ ምሳ አቀረብኩላት። "እሷ ትቅደም" አለች። ሳህኑ እንደቀረበ ተነሳ።
"ሥዕል እኮ ናት፣ እህቴ።"
"አውቃለሁ። እብድ አደረግሽኝ እንዴ? ግን ስትጣራ... አንቺ ብትሆኚ አትሄጂም?"

ታኅሣሥ 11
መነጽሩን ለመንኩት። ከእህቴ ስልክ ላይ "እማዬ" የሚለውን አጥፋልኝ አልኩት። ራሱን አከከ። "ለአንድ ሰው ብቻ አይሆንም፣ እማማ። ከጠፋ ከሁሉም ነው። አለቃውን ጠይቂ።"
ጠየቅኩት። "ታዲያ ወደደቻታ! ምነው ሁሉም እንደ እህትሽ በሆኑልን።"
ቦርሳዬን አንስቼ መውጣት ነበረብኝ... ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ታኅሣሥ 16
እህቴ ወደቀች። የኩሽናው በር ላይ። ሐኪሟ "ሆዷ ውስጥ ምግብ የሚባል ነገር የለም" አለች። ሆስፒታል አስተኟት። "ስልኩን አርቂላት" አለችኝ፤ ወሰድኩ። ትሙት አልኩ በልቤ። ጫጩቷ ትሙትና እህቴ ትዳን።
እጄን ያዘች። "እትዬ፣ አደራ። እንዳትረሻት። ሁለተኛ አልቀብራትም።"
እሺ አልኳት። ውሸቴን ነው።

ታኅሣሥ 18
ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ይጣራል። አልከፍትም።

ታኅሣሥ 19፣ ጠዋት
ጥርት ያለ ሰማይ። የተገኙ፦ እኔና ጫጩቷ።
ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ለእህቴ የምወስደውን ሾርባ አሞቅኩ፣ በዕቃ ቀዳሁት። ክዳኑን ስፈልግ ስልኩ መሳቢያው ውስጥ ጮኸ። አወጣሁት። ላጠፋው ነበር፣ እውነቴን ነው። ጫጩቷ ተጋድማለች፣ ዓይኗ ሊከደን ነው።
"እማዬ፣ ዛሬም አትመጪም?"
የራሴ ቃል። ዳቦ እየገመጥኩ የጻፍኩት። ሥዕል መሆኗን ከኔ በላይ ማን ያውቃል?
ስክሪኑ ላይ ያለውን ጥሬ ነካሁ። ብድግ ብላ በላች። ደግሜ ነካሁ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።
ሾርባው ቀዘቀዘ።