ለአንተ ብቻ የላክሁት ቁጥር

ይድረስ ቬትናም፣ ቢን ዙንግ ለሚኖረው ለታላቅ ወንድሜ ለሩይ-ሼንግ

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከረምክ? ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚነሳብህ ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ጫማ ፋብሪካው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመህ ነው የምትውለው? እትዬ ሃን እንዴት ናት? ሳሏ ለቀቃት? ትንሿ ማይስ የወለቀው የፊት ጥርሷ በቀለላት? አማትህ እማማስ ዓይናቸውን ታከሙ? ሁላችሁም ደህና ሁኑልኝ። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። እማዬም እዚያው ጂያዪ ከተማ ደህና ናት፤ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ሰፈሩም እንዳለ ነው።

ይህን በወረቀት የምጽፍልህ ስልኬ ተበላሽቶ አይደለም። ሰባት ጊዜ እንደደወልክ አይቻለሁ፤ ሆን ብዬ ነው ያላነሳሁት። በስልክ ካወራን አንተ ትስቃለህ፣ ሳቅህ ደግሞ ሁልጊዜ ያሸንፈኛል፣ አብሬህ እስቅና ነገሩ እዚያው ተድበስብሶ ይቀራል። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም።

ውድድሩን ታውቃለህ። ጓንግኋ ገበያ አጠገብ ባለው አዳራሽ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ የሚደረገው፣ የኮምፒውተር ማስታወሻ ካርድ፣ ራም፣ ከተሠራለት ፍጥነት በላይ የሚሮጥበት ውድድር። እኔ የተመዘገብኩት ኪሳቸው ለሳሳ ሰዎች በተዘጋጀው ምድብ ነው። ሁለት ራም፣ የሁለቱ ዋጋ ተደምሮ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዩዋን የማይበልጥ፣ ደረሰኝ ያለው፤ ማዘርቦርዱን አዘጋጆቹ ለሁሉም አንድ ዓይነት ያቀርባሉ። ያሸነፈ ሲንቹ ከተማ ባለው የራም ፋብሪካ የሙከራ ክፍል ውስጥ ይቀጠራል። ለሌላው ሰው ጨዋታ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በምሳ ሣጥን ውስጥ ሩዝ ስጠቀጥቅ፣ በላዩ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ስደረድር የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ባንኮኒ ጀርባ የምወጣበት ሌላ በር አላየሁም ነበር።

ይህን ነገር ያስተማርከኝ አንተ ነህ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ መሬት ላይ አስቀምጠኸኝ ኮምፒውተርህን ፈታህና፣ “ሩይ-ዪን፣ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት አትመኚው፤ እሱ የሻጭ ወሬ ነው። ብልጭ ድርግም የሚል መብራቱንም አትይ። ከውስጥ ያለው ቺፕ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው ነው የሚጠየቀው” አልከኝ። እኔም ያንን ይዤ ነው ገበያ የወጣሁት።

ከሴፕቴምበር ጀምሮ የእረፍት ቀኔን ሰኞ ሰኞን በሙሉ እዚያው ጨረስኩ። አዲሱን ራም አልነካሁትም፤ በእኔ ገንዘብ የሚገኘው አዲስ፣ ያማረ የብረት ልባስ ለብሶ ውስጡ ልፍስፍስ ነው። ከየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር የተነቀለውን፣ ልባስ የሌለውን አረንጓዴ ራቁቱን ራም ነው የፈለግሁት። ቺፑ በአንድ ጎኑ ብቻ የተደረደረውን መረጥኩ፤ በሁለቱም ጎን የሞላው ሲያስሮጡት ይከብዳል። ተለጣፊው ወረቀት ጥግ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ በእጅ አጉሊ መነጽር አነበብኩ። አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት እኩያ መግዛት እንደሚሻል ታውቃለህ፤ ስለዚህ ጥንድ ነበር የምፈልገው፣ በአንድ ሳምንት ከአንድ ማሽን የወጡ መንታዎች።

እማማ ሞን ታስታውሳቸዋለህ? ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡት ሴትዮ። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ አንድ ካርቶን ራም መጣላቸው፤ ከአንድ የተዘጋ የመድን ቢሮ የወጣ፣ አርባ የሚሆን። ሁሉም ሲታይ አንድ ይመስላል፤ ጽሑፉን ስታነበው ግን የአምስት ዓይነት ድብልቅ ነው። ከመሐሉ ስድስቱ ጫፋቸው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር አላቸው፤ ያንን ቁጥር ከዚህ በፊት የትም አላየሁትም። እማማ ሞ የሸጡትን መልሰው አይቀበሉም። ደሞዜም ገና ቅዳሜ ነበር። አንዱን ብቻ በአምስት መቶ ሃምሳ ዩዋን ገዛሁ።

በዚያው ሰኞ ከገበያ እንደገባሁ በአንተ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ሞከርኩት። የተሠራው ለሁለት ሺህ አራት መቶ ሜጋኸርዝ ፍጥነት ነው። ሦስት ሺህ ላይ ምንም አላለም። ቮልቴጁን ትንሽ ትንሽ ከፍ እያደረግሁ፣ እንደ ሕፃን ግንባር በእጄ እየዳሰስኩ፣ ሦስት ሺህ አራት መቶ፣ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ፣ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ! የስህተት መፈተሻውን ለስድስት ሰዓት ለቀቅሁበት፤ አንድ ስህተት እንኳ የለም። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ እየጮህኩ ዘለልኩ። ታች ያሉት ሰዎች ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት መቱት።

ደስታዬን የምነግረው ሰው ማን አለኝ? ራሙን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ይዤ ፎቶ አነሳሁትና ላክሁልህ። ቁጥሩ ይኸው፣ እማማ ሞ ጋ አምስት ቀርቷል፣ ቅዳሜ ደሞዝ ስቀበል መንታውን እገዛለሁ ብዬ ጻፍኩልህ። አንተም ወዲያው መለስክልኝ። መልስህን ዛሬም አላጠፋሁትም። “አንበሳ ነሽ! ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ” ይላል።

ትንፍሽ አላልኩም።

ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ወደ ገበያው ሮጥኩ። እማማ ሞ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ እጃቸውን አወራጩ። “አርፍደሻል የኔ ልጅ! ትናንት ባለሱቁ ልያው መጥቶ ካርቶኑን እንዳለ አነሳው። የቀረውን ሁሉ! መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ከስልኩ እያነበበ አንድ በአንድ አገላበጠ። ‘ምን ጠፋብህ?’ ስለው ‘ዝም ብለሽ ሽጪልኝ፣ አንዱንም እንዳትደብቂ’ አለኝ” አሉ። ከዚያ ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ። “ስልኩ ላይ ያየሁት ፎቶ...” ብለው ጀመሩና፣ “ጥፍሩ እንዲህ ሰማያዊ ነበር” አሉኝ ቀስ ብለው።

ጥፍሬን ሰማያዊ የቀባሁት በዚያው ሳምንት ነው ወንድም ጋሼ። ያንን ፎቶ የላክሁት ለአንተ ብቻ ነው።

ልያው ሱቅ ስደርስ ልጁ ጓን-ቲንግ ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ራሞቹን ቀይ የብረት ልባስ ያለብሳል። ቀና ብሎ አላየኝም። አባቱ ግን እንደ ልማዱ ሻይ እያቀረበ ተቀበለኝ። አብሮህ የተማረው፣ ስትሄድ “ከተቸገርሽ ወደ እሱ ሂጂ” ያልከኝ ልያው። ጋሽ ልያው፣ ይህን ቁጥር ከየት አገኘኸው አልኩት። ሳቀ። “ኧረ አንቺ ልጅ አትቆጪ! ወንድምሽ ባይልክልኝ እኔ ከየት አውቀዋለሁ? ዓይኔ እንደሆነ ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ካቆመ ቆየ። ለአዲስ ዓመት ተጠቃሎ ሲመጣ ከእኔ ጋር ነው የሚሠራው፤ አልነገረሽም እንዴ? ባዶ እጄን አልገባም ብሎ ነው። እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ሆነናል” አለኝ።

ሻዩን አስቀመጥኩት። እሺ፣ አንድ ብቻ ሽጥልኝ፣ መንታዋን ብቻ አልኩት። እኔ ነኝ የለመንኩት፤ ይህንንም እወቀው። አንዱን አንስቶ በልባሱ ላይ ያለውን አቧራ እፍ አለና፣ “ለአንቺ ስል ቀንሼ፣ ሁለት ሺህ” አለኝ። ከውድድሩ ጣሪያ በላይ መሆኑን እያወቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእኔ ያዘነ መስሎ፣ “ደግሞ አንቺ ሴት ልጅ ነሽ፤ ሲንቹ ሄደሽ ብቻሽን ምን ትሆኛለሽ? ጓን-ቲንግ ወንድ ነው፣ ሥራ ያስፈልገዋል” አለ። ጓን-ቲንግ በዚህ ጊዜ ጆሮው ቀላ። እሱ እንኳ አፍሯል።

ውድድሩ ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ተደረገ። ጥሩዋን ራሜን፣ ከሌላ ቦታ በስድስት መቶ ካገኘኋት ከሩቅ ዘመዷ ጋር አጣምሬ ገባሁ። ሁለት ራም አብሮ ሲሮጥ በደካማው እግር ነው የሚሄደው፤ የእኔይቱ ልትበር ስትል ያቺ እየጎተተቻት ሦስት ሺህ አራት መቶ ስልሳ ስድስት ላይ ቀረን። ከዚያ በላይ ስሞክር ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ሦስተኛ ወጣሁ። ጓን-ቲንግ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ ስድስት አስሮጠና አንደኛ ወጣ። ደረሰኙን የጻፈለት አባቱ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሺህ ዩዋን ይላል። ለዳኛው ሄጄ፣ ለእኔ አንዱን ሁለት ሺህ ብሎኛል ብዬ ነገርኩት። ዳኛው ደክሞት ነበር። “ልጄ፣ ደረሰኝ ካለ አለ ነው” አለኝ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ አላለቀስኩም ነበር። በኋላ ግን ልያው መድረኩ ላይ ወጥቶ ማይክሮፎኑን ያዘ። “ይህን ድል ቬትናም ላለው ወንድሜ፣ ለቾንግ ሩይ-ሼንግ ሰጥቻለሁ፤ ምስጢሩን ያቀበለን እሱ ነው!” ብሎ በሙሉ ስምህ ጠራህ። አዳራሹ አጨበጨበ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ስሜን አየችና በክርኗ ነካ አድርጋ፣ “ቾንግ? ወንድምሽ ነው እንዴ? ታድለሽ!” አለችኝ። አዎ ወንድሜ ነው አልኳት። አጨበጨብኩም። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና ሽርጤ እስኪርስ አለቀስኩ፤ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣሁ በቦርሳዬ ነበር።

ለእማዬ ደወልኩላት። ገና ሳልጨርስ አቋረጠችኝ። “ወንድምሽ ስምንት ዓመት በሰው አገር ተንከራቶ ሊገባልኝ ነው፤ አንቺ ስለ አንድ ቁራጭ ብረት ታወሪኛለሽ? ዋጥ አድርጊው” አለች። እሷም ታውቃለች ማለት ነው። ልትመለስ እንደሆነ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ በየቀኑ የምጽፍልህ፣ ምሳ ምን እንደበላሁ እንኳ የምነግርህ።

አሁን እውነቱን ልንገርህ፤ ቅዱስ ለመምሰል አልፈልግም። ብትጠይቀኝ ኖሮ እሰጥህ ነበር ብዬ አልምልም። ምናልባት እከለክልህ ነበር። ምናልባት ሁለት ቀን አኩርፌ አራቱን ለልያው፣ ሁለቱን ለእኔ እንከፈል እልህ ነበር፤ ስድስት ነበሩኮ! መንታዬን ትቶልኝ ቀሪውን ቢወስድ ማን ይጎዳ ነበር? ግን መጀመሪያ ልትጠይቀኝ ይገባ ነበር። የፋብሪካው ሥራ እንደሰለቸህ፣ ወገብህ እንደማይችል፣ ወደ አገርህ የምትገባበት ሌላ መንገድ እንዳጣህ መንገር ነበረብህ። እኔን የጎዳኝ ቁጥሩን መስጠትህ ብቻ አይደለም። “ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ” ያልከኝ ለእኔ አስበህ ነው ወይስ ለልያው ዕቃውን እንድጠብቅለት? ይህን ብቻ ጻፍልኝ። ሌላውን ይቅርታህንም ምክንያትህንም ለጊዜው አልፈልገውም።

ወደ ምሳ ሣጥኑ ተመልሻለሁ። ሰኞ ሰኞ ግን ዛሬም ገበያ እወጣለሁ። ባለፈው ሰኞ ጥንድ አገኘሁ፣ እኩያሞች፣ ሁለቱም ከሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ በላይ አለፉልኝ። ለፀደዩ ውድድር ይደርሳሉ። ከማን እንደገዛኋቸው፣ ቁጥራቸው ምን እንደሆነ አልጽፍልህም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከአንተ የደበቅሁት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፤ ስጽፈው ደግሞ እንዳሰብኩት ደስ አላለኝም።

እትዬ ሃንን ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ የደረቀ ማንጎ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጣት። ለአማትህ ለእማማ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርስልኝ። ማይን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ አክስትሽ የሳለችልሽን ድመት ባለጢም አድርጋ ትልክልሻለች በላት። ከፋብሪካው ጓደኞችህም በፎቶ የማውቀውን ያንን ጊታር የሚመታውን እንዴት ነህ በለው።

አንተም ደህና ግባ። ቤቱ ቤትህ ነው፤ አልጋህን አንጥፌ እጠብቅሃለሁ፣ የምትወደውን የአሳማ እግር ወጥም እሠራልሃለሁ። ገበታ ላይ ስንቀመጥ ግን ሰኞ ምን ገዛሽ ብለህ አትጠይቀኝ።

እህትህ ቾንግ ሩይ-ዪን

ታይፔ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 2019